ከተከለለው ተራራ ሣር ማን ይጠቀማል?

የተፋሰስ ማኅበራት ሀብትና የገንዘብ ምንጭ

በጥርና በየካቲት ወራት በደጋማ ወረዳዎቻችን የተጓዘ ሰው አንድ የተለመደ ነገር ያያል። ገበሬው አካፋና ዶማውን ይዞ ተራራው ላይ ተሰልፏል። ገሚሱ እርከን ይሠራል፣ ገሚሱ ቦረቦር ይከትራል፣ ሌላው የችግኝ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሥራው ሲያልቅ ተራራው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይደረጋል፤ ዘበኛም ይቆምለታል። ዝናቡ ከሠመረ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ሣሩ ወገብ ይደርሳል።

ዋናው ጥያቄ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ሣሩን ማን ያጭደዋል? ከተሸጠስ ገንዘቡ የት ይገባል? የዘበኛውን ደመወዝ ማን ይከፍላል? ክረምት የናደውን እርከን ማን ይጠግናል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ የቀሩበት ተራራ፣ ፕሮጀክቱ ባለቀ ማግሥት ከብት ተለቆበት ወደነበረበት ሲመለስ ታይቷል። የአንድ ወረዳ ሕዝብ የዓመታት ድካም በአንድ በጋ ግጦሽ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ስለ ተፋሰስ ልማት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ አፈሩና ስለ ዛፉ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ጉዳዩን ከገበያና ከሂሳብ አንፃር እንመለከተዋለን። የተፋሰስ ማኅበር ምን ሀብት አለው? ገንዘብ ከየት ሊያገኝ ይችላል? ያገኘውንስ በምን ላይ ቢያውለው ይበጀዋል?

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ ነው?

ተፋሰስ ማለት የዝናብ ውኃው ተሰብስቦ በአንድ መውጫ በኩል የሚወርድበት አካባቢ ነው። ግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ባወጣው የማኅበረሰብ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ መሠረት፣ የአንድ ማኅበረሰብ ተፋሰስ ስፋት በአብዛኛው ከ200 እስከ 500 ሄክታር ይሆናል። ይህም ጎረቤታሞች ተጠራርተው ሊመክሩበትና ሊቆጣጠሩት የሚችሉት መጠን ነው።

በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ላይ ለረዥም ጊዜ ጥናት ያካሄዱት የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1980 ዓ.ም. ገደማ ባወጡት ግምት፣ ከሚታረስ መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ይህ በየዓመቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ የላይኛው አፈር መሄድ ነው። ቁጥሩ ለዓይን ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ገበሬ በ25 ዓመት የእርሻ ዕድሜው 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ያጣል ማለት ነው። አፈሩ ከመነሻው ስስ በሆነበት ተዳፋት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ ለልጅ የሚተርፈው ድንጋይ ነው።

ታጥቦ የሄደው አፈር ደግሞ ታች ያለውን ይጎዳል። የሐረርና የአካባቢዋ ከተሞች የውኃ ምንጭ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ፣ ከምክንያቶቹ መካከል ለመስኖ ከሚሳበው ውኃ ጋር ከዙሪያው ኮረብታዎች የሚወርደው ደለል ይጠቀሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው ቢመለስም፣ ሐረር ግን ውኃዋን ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ አቅጣጫ በቧንቧ ለማምጣት ተገድዳለች። ላይኛው ተፋሰስ ሲጎዳ ዕዳውን ታችኛው ከተማ ይከፍለዋል። በዚህ ነጥብ ላይ በኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ካፒታል ጉልበት ነው

ብዙ የተፋሰስ ኮሚቴዎች «ምን ሀብት አላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው «ምንም የለንም፤ ለጋሽ እንፈልጋለን» የሚል ነው። ይህ መልስ ከሂሳብ አንፃር ስህተት ነው። ለምን ስህተት እንደሆነ በምሳሌ እንየው።

200 አባወራና እማወራ ያሉበት፣ 300 ሄክታር ስፋት ያለው ተፋሰስ አለ እንበል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በአንድ በጋ 30 ቀን ቢሠራ በድምሩ 6,000 የሰው ቀን ይሆናል። በግብርና ሚኒስቴር የሥራ መለኪያ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን ስለሚወስድ፣ ይህ ጉልበት 40 ኪሎ ሜትር እርከን ይሠራል። የቀን ሠራተኛ ዋጋ 200 ብር ነው ብንል፣ ማኅበሩ በአንድ በጋ 1,200,000 ብር ተራራው ላይ አፍስሷል።

ይህ ገንዘብ በየትኛውም ባንክ አልተመዘገበም፤ ያም ሆኖ እውነተኛ መዋዕለ ንዋይ ነው። በሕግም ዋጋ አለው። መሬት በሕገ መንግሥታችን የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሆኖም በዚያው በአንቀጽ 40 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ላደረገው ቋሚ መሻሻል መብት እንዳለው ተደንግጓል። ስለዚህ ማን ስንት ቀን እንደሠራ የተጻፈበት መዝገብ ለቀበሌ ሪፖርት ብቻ ተብሎ የሚያዝ ወረቀት አይደለም። የእያንዳንዱ አባል የአክሲዮን ማስረጃ ያህል ነው። ብዙ ማኅበራት ግን ይህን መዝገብ ሥራው ባለቀ ማግሥት ይጥሉታል።

የሣሩ ሂሳብ

ከዚሁ ተፋሰስ ውስጥ 60 ሄክታሩ ተከልሎ ሣር አበቀለ እንበል። ማኅበሩ 2,000 ሸክም ሣር አገኘ፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 10 ሸክም ይደርሰዋል። የአንድ ሸክም የአካባቢ ዋጋ 150 ብር ከሆነ ጠቅላላ ምርቱ 300,000 ብር ያወጣል።

ወጪውስ? ሁለት ዘበኞች በወር 3,000 ብር ሲከፈላቸው በዓመት 72,000 ብር ነው። እርከን እንደ ማንኛውም ንብረት ስለሚያረጅ በየዓመቱ አሥር በመቶው ይጠገን ብንል፣ 600 የሰው ቀን ወይም 120,000 ብር ይጠይቃል። ድምሩ 192,000 ብር ነው። ከሣሩ ዋጋ ላይ ሲቀነስ 108,000 ብር ይተርፋል።

አሁን ሁለት ማኅበራትን እናወዳድር። የመጀመሪያው ሣሩን ለአባላቱ በነፃ አደለ። አባላት ደስ አላቸው። ይሁን እንጂ ለዘበኛ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ አልተገኘም፤ ዘበኛውም ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ሣሩ በሌሊት ታጨደ፣ ከብትም ገባ። ሁለተኛው ማኅበር ከእያንዳንዱ ሸክም 40 ብር አስከፈለ፣ ለጥገናም ከየቤቱ የሦስት ቀን ጉልበት ጠየቀ። ከሣሩ 80,000 ብር ሰበሰበ፤ 72,000 ብሩን ለዘበኞች ከፈለ፤ 8,000 ብር ባንክ አስገባ። አባሉስ ምን አገኘ? 1,500 ብር የሚያወጣ ሣር ወሰደ፤ በጥሬ ገንዘብ 400 ብር፣ በጉልበት ደግሞ የ600 ብር ሥራ ከፈለ፤ 500 ብር አተረፈ። እርከኑም ተጠገነ።

በምሳሌው ያሉት ዋጋዎች ከቦታ ቦታ ስለሚለያዩ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ገበያ ዋጋ ማስገባት አለበት። መርሁ ግን አይለወጥም። ሣሩ በመጠኑም ቢሆን ዋጋ ሊቆረጥለት ይገባል። ዋጋ የሌለው የጋራ ሀብት አባ ከና የሚለው አያገኝም።

እዚህ ላይ የገበያ ጊዜም ይታሰብበት። ሣር ታጭዶ በሚሰበሰብበት በጥቅምትና በኅዳር ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ሁሉም ሰው ሣር አለው። ከየካቲት በኋላ መኖ ሲመናመንና ለፋሲካ የሚደልቡ በሬዎች ሲበዙ ዋጋው ይወጣል። ድርሻውን ወዲያው የሚያስፈልገው አባል ይውሰድ። ማኅበሩ ለሽያጭ ያስቀረውን ግን ከዝናብና ከምስጥ ጠብቆ ከምሮ ቢያቆየው የተሻለ ዋጋ ያገኛል። ማሩም እንዲሁ ነው። በብዙ ደጋማ ቦታዎች ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን ለደላላ ከመሸጥ ይልቅ አጣርቶና አሽጎ የሚያቆይ ማኅበር የመደራደር አቅም ይኖረዋል። አበባው የሚገኘው ከተከለለው ተራራ ስለሆነ ቀፎ ያስቀመጠ ወጣትም ለማኅበሩ ኪራይ ቢከፍል አግባብ ነው።

የሚጎዳው ማነው?

እስካሁን ያየነው ሂሳብ ተራራው ካገገመ በኋላ ያለውን ነው። አስቸጋሪው ግን ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ተራራ ሲከለል ወጪው ዛሬ ነው፤ ጥቅሙ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ይመጣል። ይህን ክፍተት ሁሉም እኩል አይሸከመውም። የራሱ የግጦሽ ማሳ ያለው ገበሬ ሦስት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። አምስት ፍየል ብቻ ያላት፣ ማገዶዋንም ከዚያው ተራራ ለቅማ የምትሸጥ እማወራ ግን ነገ ጠዋት ልጆቿ ምን እንደሚበሉ ታስባለች። ይህች ሴት በሌሊት ተራራው ውስጥ ብትገኝ ሕግ አላከበረችም ተብላ ትቀጣለች። ቅጣቱ ችግሯን አይፈታውም፤ ተራራውንም አያድነውም።

መሬት የሌለው ወጣትም አለ። እርከኑን ሲሠራ ከፊት ይሰለፋል፤ ሣር ሲታደል ግን ከብት ስለሌለው ይረሳል። አንዳንድ ቦታ ሣሩ በከብት ቁጥር ልክ ስለሚከፋፈል፣ ብዙ ከብት ያለው ሀብታም ብዙ ሣር ይወስዳል። የሠራው ሁሉም ሆኖ የተጠቀመው ጥቂቱ ከሆነ፣ ማኅበሩ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ድርሻ በቤተሰብ ወይም በሠሩት ቀን ልክ ቢከፋፈልና ከብት የሌለው ሰው ድርሻውን የመሸጥ መብት ቢኖረው፣ ሣር ለከብት አልባውም ገቢ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር አለ። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይህን የመጀመሪያውን የሁለትና የሦስት ዓመት ክፍተት ለመሸፈን ነው። ለድሆቹ ቀፎ፣ ዶሮ፣ የሚደልብ በግ፣ የተሻሻለ ምድጃና የጓሮ መኖ ዘር ለማቅረብ ቢውል ተራራው የመዳን ዕድል ያገኛል። በየዓመቱ ለሚደጋገም ቁፋሮ ብቻ ቢከፈል ግን ክፍያው በቆመበት ቀን ሥራው አብሮ ይቆማል።

ማኅበሩ በሕግ ፊት ማነው?

ገንዘብ የሚሰጥም ሆነ የሚገዛ ወገን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከማን ጋር ነው የምዋዋለው?» ብሎ ነው። በቃል የተመሠረተ ኮሚቴ የባንክ ሂሳብ አይከፍትም፤ አይከስም፤ አይከሰስም። በአሁኑ ጊዜ ለማኅበራት የተከፈቱ ዋና ዋና የሕግ በሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የተፋሰስ ልማት፣ አስተዳደርና የማኅበረሰብ ተጠቃሚነት አዋጅ ቁጥር 1223 ነው። የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በሕግ እንዲቋቋሙ መሠረት የጣለው ይህ አዋጅ ነው። አፈጻጸሙ በየክልሉ ስለሚለያይ ዝርዝሩን ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ምርት ሰብስቦ ለመሸጥ፣ ትርፍ ለመከፋፈልና ብድር ለመውሰድ ለሚያስብ ማኅበር ይህኛው ይስማማዋል።

ሦስተኛው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ሲሆን የማኅበረሰብን የደን ባለይዞታነት ያውቃል። ከተከለለው ተራራ ወደፊት እንጨት ለመሸጥ የሚያስብ ማኅበር ይህን ሕግ ሳያይ መጥረቢያ ማንሳት የለበትም።

አራተኛው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የ2001 ዓ.ም. ሕግ በመብት ነክ ሥራዎች ላይ ለሚሰማሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ አሥር በመቶ ላይ ገድቦት ነበር። አዲሱ ሕግ ገደቡን አንስቷል፤ ድርጅቶች ለዓላማቸው የሚውል ገቢ እንዲያመነጩም ፈቅዷል።

አንባቢያን አንድ ነገር እንዳይምታታባቸው እናሳስባለን። በአዋጅ ቁጥር 841/2006 የሚቋቋመው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ከተፋሰስ ማኅበር የተለየ ነው። አንደኛው ታች ያለውን ቦይ ያስተዳድራል፤ ሌላኛው ላይ ያለውን ተራራ። ሁለቱ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ካሉ ግን ሊዋዋሉ ይችላሉ፤ ይገባልም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የመንግሥት ፕሮግራሞች። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለተጠቃሚዎቹ በሕዝባዊ ሥራ በኩል የሚከፍል ሲሆን፣ ከሥራው ትልቁ ድርሻ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በዓለም ባንክና በሌሎች አጋሮች ድጋፍ የተካሄዱት የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮጀክቶች ደግሞ ከእርከን ባሻገር የተጠቃሚ ማኅበራትን ማደራጀትና የገቢ ማስገኛ ሥራዎችን ጨምረዋል። ችግኝ ጣቢያዎችም በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወዲህ ችግኝ በብዛት ያፈላሉ። እዚህ ላይ ማኅበሩ የተሰጠውን ችግኝ ብቻ መትከል የለበትም። ለከብት መኖ፣ ለንብ አበባና ለፍራፍሬ የሚሆነውን ዝርያ አስቀድሞ በጽሑፍ ማዘዝ አለበት፤ የሚፈላው ችግኝ ዓይነት የሚወሰነው ከክረምቱ ወራት ቀደም ብሎ ነውና።

አነስተኛ የእርዳታ ገንዘብ። የዓለም አካባቢ ፈንድ አነስተኛ የእርዳታ ፕሮግራም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ለማኅበረሰብ ድርጅቶች በቀጥታ ገንዘብ ይሰጣል። ለአንድ ፕሮጀክት የሚሰጠው ገንዘብ ጣሪያ ለረዥም ዓመታት 50 ሺሕ ዶላር ነበር። ለትልልቅ ድርጅቶች ይህ ኢምንት ነው፤ ለ200 ቤተሰብ ማኅበር ግን ያንን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ክፍተት ለመሸፈን የሚመጥን ነው። ማኅበሩ የሚያዋጣው ጉልበት በገንዘብ ተተምኖ እንደ መዋጮ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ቀደም ሲል ያልነው የሥራ መዝገብ እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል። ውል ሲፈረምም ገንዘቡ በዶላር ይሁን በብር የተወሰነው ተለይቶ ይታወቅ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዚህ ልዩነት ትርጉም ቀላል አይደለም።

የካርቦን ሽያጭ። በዚህ ረገድ የታወቀው የአገራችን ምሳሌ በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወርልድ ቪዥን ድጋፍ በተጀመረው በዚህ ሥራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ተከልሎ፣ አብዛኛው ደን ከተቆረጡ ጉቶዎች እንዲያገግም ተደርጓል። ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው መሬቱን ተረከቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። በ30 ዓመት ውስጥ ከ880,000 ቶን በላይ ካርቦን እንደሚያምቅ ነው የተገመተው። ማኅበራቱ ከካርቦኑ በፊት ሣርና ጭራሮ አግኝተዋል፤ የካርቦኑንም ገቢ እንደ እህል መጋዘንና ወፍጮ ላሉ የጋራ ንብረቶች አውለዋል።

ይህን ሰምቶ «እኛም ካርቦን እንሸጣለን» የሚል ማኅበር አስቀድሞ ሂሳብ ይሥራ። የሁምቦ ግምት ለአንድ ሄክታር በዓመት ሲከፈል ከ10 ቶን ትንሽ ይበልጣል። የኦሮሚያ ክልል የደን ፕሮግራም በ2015 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ጋር በተፈረመው ውል እስከ 4 ሚሊዮን ቶን በ40 ሚሊዮን ዶላር ለማቅረብ ተስማምቷል፤ ቶኑ በ10 ዶላር ማለት ነው። በዚህ ዋጋ የእኛ የምሳሌ ማኅበር 60 ሄክታር በዓመት 6,000 ዶላር ገደማ ያስገኛል። ከዚህ ላይ የመለካት፣ የማረጋገጥና የመመዝገብ ወጪ ሲነሳ የሚተርፍ ነገር ላይኖር ይችላል። ሁምቦ የተሳካለት ሰባት ማኅበራት አንድ ላይ ስለቀረቡና ወጪውን የሚጋራ አጋር ስለነበራቸው ነው። ስለዚህ ትንሽ ማኅበር ብቻውን ካርቦን ልሽጥ ቢል ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። የሚያዋጣው ከጎረቤት ተፋሰሶች ጋር መደራጀትና ካርቦኑን የሣሩና የማሩ ተጨማሪ ገቢ አድርጎ ማየት ነው።

የውኃ ገዢዎች። ለወደፊቱ ትልቁ ዕድል ይህ ይመስለናል። የናይሮቢን ከተማ ውኃ 95 በመቶ የሚሰጠው የጣና ወንዝ ላይኛው ተፋሰስ ነው፤ ይህ ጣና የኬንያው ወንዝ እንጂ የእኛ ሐይቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የከተማይቱ የውኃ ድርጅት፣ የኤሌክትሪክ ኩባንያና የመጠጥ ፋብሪካዎች ያሉበት የውኃ ፈንድ ተቋቁሞ ላይ ላሉት ገበሬዎች የእርከን፣ የዛፍና የሣር ወጪ መደገፍ ጀመረ። በጥናቱ መሠረት 10 ሚሊዮን ዶላር ቢወጣ በ30 ዓመት ውስጥ 21.5 ሚሊዮን ዶላር ጥቅም ይገኛል። ድርጅቶቹ የገቡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደለል ማጣሪያን ይደፍናል፣ ግድብን ይሞላል፤ ደለሉን ከምንጩ ማስቀረት ግን ርካሽ ነው።

በእኛም አገር ከተፋሰሱ በታች የሚጠቀም አለ። የከተማ ውኃ አገልግሎት፣ የመስኖ ማኅበር፣ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ፣ የአበባ እርሻ፣ የኤሌክትሪክ ግድብ ሁሉ የላይኛው ገበሬ ድካም ተጠቃሚዎች ናቸው። እስካሁን አብዛኞቹ ምንም አልከፈሉም፤ ማንም ሂሳቡን ጽፎ አላቀረበላቸውምና። ማኅበሩ ወደ እነርሱ ሲሄድ ልመና ይዞ ሳይሆን ቁጥር ይዞ ይሂድ፦ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ሠራን፣ ስንት ቦረቦር ከተርን፣ ምንጩ ከዚህ በፊት በየትኛው ወር ይደርቅ ነበር፣ አሁንስ እስከ የትኛው ወር ይፈስሳል?

ውኃው ለራሳቸው ለአባላቱም ገቢ ነው። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ ተራራውን ከልሎና የጎርፍ ውኃን አስርጎ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ሲል፣ ገበሬው በቅርብ ጥልቀት ጉድጓድ ቆፍሮ አትክልትና ፍራፍሬ ማልማት ችሏል። ለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። እዚያ ተራራው የከፈለው በሣር ብቻ ሳይሆን ታች በተገኘው የጉድጓድ ውኃም ነው።

ማኅበሩ በእጁ ሊይዛቸው የሚገቡ ነገሮች

ከላይ ካየናቸው ምንጮች የትኛውንም ለማግኘት የሚፈልግ ማኅበር የሚከተሉትን አስቀድሞ ያዘጋጅ፦

1ኛ/ የተፋሰሱ ወሰን የተሰመረበትና ጎረቤት ቀበሌዎች የተስማሙበት ካርታ፣ ከወል ይዞታ ማረጋገጫ ጋር።

2ኛ/ ማን አባል እንደሆነ፣ ሣርና ሌላ ምርት እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ከብት የሌላቸውና መሬት አልባዎች ምን እንደሚያገኙ በግልጽ የተጻፈበት መተዳደሪያ ደንብ። ደንቡ በጠቅላላ ጉባዔ ተነቦ መጽደቅ አለበት። ሴቶች በስም ብቻ ሳይሆን በድምፅም ይኑሩበት።

3ኛ/ የእያንዳንዱ አባል የሥራ ቀን መዝገብ።

4ኛ/ ቢያንስ ሦስት ሰዎች በጣምራ የሚፈርሙበት የባንክ ሂሳብና በየስድስት ወሩ ለአባላት የሚነበብ የገቢና ወጪ መግለጫ።

5ኛ/ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተያዘ መለኪያ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ላይ የሚነሳ ፎቶግራፍ፣ የምንጩ ውኃ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ የሚጻፍበት ደብተር፣ የተሸከሙት ሣር ቁጥር በቂ ነው። ገዢም ሆነ ለጋሽ ከንግግር ይልቅ ይህን ደብተር ያምናል።

6ኛ/ ለጥገና ብቻ የሚውል፣ ለሌላ ጉዳይ የማይነካ ተቀማጭ።

ስድስተኛው ነጥብ ቀላል ቢመስልም ማኅበር የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። የተገኘው ገንዘብ ለስብሰባ አበልና ለበዓል ድግስ ይውልና አንድ ከባድ ክረምት እርከኑን ሲንደው መጠገኛ ይጠፋል። አንድ የተናደ እርከን ደግሞ ብቻውን አይቀርም፤ ከላይ የፈሰሰው ውኃ በተሰበረው በኩል ተሰብስቦ የሚቀጥለውን ያፈርሳል። በጊዜው በአንድ ቀን ጉልበት ይጠገን የነበረው በዓመቱ የሰላሳ ሰው ሥራ ይሆናል።

ከላይ ላነሳነው ጥያቄ መልሳችን ይኸው ነው። ከተከለለው ተራራ ሣር ሊጠቀም የሚገባው የሠራው ሁሉ ነው፤ ከብት ያለውም የሌለውም። ለዚህ ደግሞ ሣሩ ዋጋ፣ ማኅበሩ ሕጋዊ ስም፣ ገንዘቡ መዝገብ ያስፈልገዋል። ለጋሽ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሣሩ ሂሳብ በትክክል የተሠራበት ተራራ ግን ለጋሹ ከሄደም በኋላ ዘበኛውን ይከፍላል፤ እርከኑን ይጠግናል። የዘንድሮው ሣር ታጭዶ ከመከፋፈሉ በፊት አባላት አንድ ቀን ተቀምጠው ይህን ሂሳብ ቢሠሩት፣ ከማንኛውም የፕሮጀክት ሰነድ በፊት የሚጠቅማቸው እርሱ ነው።